እትዬ ካሰች፣ “ከዚያ በፊትስ?” እና የኸሊል ራዲዮ

የምሥራች! አፉ ተፈታ! ከሰሊጡ አጨዳ ጀምሮ አንዴ ሲናገር አንዴ ሲዘጋ፣ እያጓጓ ሲያስለቅሰን የከረመው አንደበት ትናንት አመሻሹ ላይ ሳይደነቃቀፍ ተናገረ። መተማ በሙሉ ሰማ። ከኾሩ፣ ከድንበሩ ወንዝ፣ ማዶ ያሉት የሱዳን ገላባት ሰዎች እሱን ባይሰሙ እንኳ የእኛን እልልታ ሰምተዋል።

“የማን ልጅ ነው?” ብላችሁ ስእለት ለማስገባት አትነሡ፤ ልጅ አይደለም። አፉ የተፈታው የኸሊል ራዲዮ ነው። የፈታችው ጎረቤቴ እትዬ ካሰች ናት። እጇ ላይ ጉጠትም መዶሻም አልነበረም። የፈታችው በጥያቄ ነው፣ በዚያ እኛን ሁሉ በየጓሮው ሲያሸሸን በኖረ ጥያቄዋ!

በዚህ ቆላ የሚኖር ሰው ከሦስት ነገር አያመልጥም፤ ከንዳድ፣ ከሐሩርና ከጠያቂ ጎረቤት። ለንዳዱ ኪኒን አለው፣ ለሐሩሩም ጥላ አለው። ለጠያቂ ጎረቤት ግን እስከ ዛሬ መድኃኒት የቀመመ የለም። እንዲህ ያለች ሴት በየመንደሩ አለች፤ እናንተም ዘንድ አለች፣ ስሟ ነው የሚለየው። የእኛዋ ካሰች ትባላለች። ቀጠን ያለች ናት፤ ነጠላዋን መስቀለኛ ታጣፋለች፣ አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል ታደርጋለች። አንገቷ ከዘነበለ አለቀላችሁ። የነገራችኋትን ሁሉ በትዕግሥት ትሰማና “እሺ፣ ከዚያ በፊትስ?” ትላለች። ያንን ስትነግሯት “እሺ፣ ከዚያ በፊትስ?” ትላለች። እንዲህ እያለች እስከ ክርስትናችሁ ቀን ድረስ ወደ ኋላ ትነዳችኋለች።

የጎረቤታችን የአገኘሽ ፍየል የጠፋች ጊዜ መንደሩ ሁሉ “ጅብ በላት” ብሎ ደመደመ። አገኘሽም አልቅሳ ወጣላት። ካሰች ግን አንገቷን አዘነበለች።

“ጅቡን ማን አየው?”

“ማንም አላየው፤ ጅብ ካልሆነማ የት ሄደች?”

“መጨረሻ ያየሻት የት ነበር?”

“ገበያ። በገመድ ይዣት ነበር።”

“እሺ፣ ከዚያ በፊትስ?”

“ከዚያ በፊት ከዋሲላ ጋር የልጇን ሠርግ ስናወራ ነበር።”

“ስታወሪ በእጅሽ ነው የምታወሪው። ገመዱን ምን አደረግሽው?”

አገኘሽ ገመዱን ለካ ከተንበረከከ ግመል ጭነት ላይ አስራው ኖሯል። ግመሉም ወሬው ሳያልቅ ተነሥቶ ከነፍየሏ ሱዳን ተሻገረ። ፍየሏ በሳምንቱ ወፍራ ተመለሰች።

ንስሐ ስትገባ እንኳ አትተውም። አባ ጀይሉ፣ የመንደሩ ሁሉ የነፍስ አባት፣ አንድ ቀን ከእሷ ዘንድ ሲወጡ ላባቸውን በሻሻቸው ጫፍ እየጠረጉ አገኘኋቸው። “ልጄ፣” አሉኝ፣ “እኔ ነኝ የማናዝዛት ወይስ እሷ ናት የምታናዝዘኝ? በልጅነቴ ከመምህሬ ማሳ የሰረቅሁትን ሸንበቆ ሳይቀር አስለፈለፈችኝ።”

ይህች ሴት ታዲያ በጣሊያን ጊዜ ምን እንዳደረገች ስሙልኝ። ኬላው ላይ አንድ የጣሊያን አሥር አለቃ ቆሟል፤ አጠገቡ አስተርጓሚው አለ። ካሰች ሰሊጥ የሞላ ቅርጫት ተሸክማ ደረሰች። “ወዴት ነው?” ብሎ አስጠየቃት። አቤት ስሕተት! ካሰችን ማን ጠይቆ ያውቃል?

“ጠያቂው እሱ ነው ወይስ አንተ?” አለችው አስተርጓሚውን። “የት አገር ሰው ነው? እናቱ አለች? ልጇ እዚህ ንዳድ አገር መምጣቱን ታውቃለች? እንዲህ ፀሐይ ሲጠብሰው የሚያይለት ሰው የለውም? ከዚያ በፊትስ፣ በአገሩ ሥራው ምን ነበር?”

አስተርጓሚው ወዲያ ሲል፣ ወዲህ ሲል፣ አሥር አለቃው በመጨረሻ ባርኔጣውን አውልቆ ስለ እናቱ ያወራ ጀመር አሉ። ቅርጫቱን ማን ይፈትሽ! ከሰሊጡ ሥር የተቀበረውን ጥይት አርማጭሆ በረሃ ውስጥ አርበኛው ባላምባራስ ሸጋው በገዛ እጃቸው ተቀበሉት። ይህን ሳስብ ደረቴ ይነፋል፤ እኔ ተሸክሜው የሄድሁ ይመስል።

አሁን ወደ ጌታው ራዲዮ እንመለስ።

ኸሊል የመንደራችን ነጋዴ ነው። ከተማው በመድፍ ከፈራረሰ በኋላ መጀመሪያ ተመልሶ ዱካኑን የከፈተው እሱ ነው። በክረምቱ ከገላባት ማዶ አንድ ራዲዮ አመጣ። መደርደሪያው ላይ አስቀመጠው፤ ጉልበቱን የሚያገኘው መሬት ላይ ከተቀመጠ የካሚዮን ባትሪ ነው፣ ሽቦው ከመደርደሪያው ጀርባ ይወርዳል። አመሻሽ ላይ ወሬ በዐረብኛ ይነገራል፤ ኸሊል ይተረጉምልናል። እኛም የምንጠብቀው አንድ ወሬ ነው፣ የጎንደርን። ጠላት ከሌላው አገር ሁሉ ወጥቶ ጎንደር ላይ መሽጓል። የመንደሩ ጎረምሳና ጎልማሳ ክረምቱ ሳይገባ ወደዚያው ዘምቷል። የካሰች ባል ደምለውም እዚያው ነው።

በክረምቱ ራዲዮው አንድ ቀን አስቀይሞን አያውቅም። ሰሊጥ ሲሰበሰብ ግን ነገሩ ሁሉ ተበላሸ። ቀን ኸሊል ብቻውን ሲሆን እንደ ወፍ ይዘፍናል። አመሻሽ ላይ ሰው ሲሰበሰብ፣ ልክ ወሬው ሊጀመር ሲል ድርግም! ኸሊል ተናድዶ ቁልፉን ያጠፋዋል፣ ሰውም አዝኖ ይበተናል። ጠዋት ሲከፍተው ያው ወፉ ይዘፍናል። ባትሪውን ተሸክሞ ማዶ ወሰደው፣ አስሞላው። ራዲዮውን ራሱን ወሰደው፤ እዚያ ያለው ሠራተኛ ከፍቶ አየና “ምንም የለበትም፣ ከእኔም ከአንተም ጤነኛ ነው” አለው። እውነትም እዚያ ቀኑን ሙሉ ሲዘፍን ዋለ። መተማ ተመለሰ፣ ወሬው ደረሰ፣ ድርግም!

ሰው ደግሞ ዝም አይልም። መጀመሪያ “የጠላት ሥራ ነው” ተባለ። ቀጥሎ አንዳንዱ ኸሊልን በዓይኑ ጥግ ያየው ጀመር። ለምንድን ነው ዘፈኑን ሳይሆን ወሬውን ብቻ የሚበላው? በመጨረሻ ሰው በሆዱ የያዘውን ባላምባራስ ሸጋው በአደባባይ አወጡት።

ባላምባራስን ሳታውቋቸው አይሆንም። በአርማጭሆ በረሃ ጠላትን ያስጨነቁ ሰው ናቸው። ጣሊያን ጉልበታቸው ላይ ያስቀረው ጥይት እስከ ዛሬ አልወጣም፣ ስለዚህ ቆመው መዋል አይችሉም። ሰውነታቸውም ከነግርማው የዋዛ አይደለም። ድምፃቸው ኾሩን ይሻገራል። በዚያ ድምፃቸው፦

“ኸሊል፣ ስማኝ!” አሉት። “ክፉ ወሬ ሲመጣ እንዳንሰማ ታጠፋዋለህ። የጎንደርን ነገር ትደብቀናለህ። እኛ ሞት አይተን የመጣን ሰዎች ነን፣ ወሬ ይገድለናል? የወሬ ሌባ!”

ኸሊል ፊቱ ዐመድ መሰለ። “ወላሂ ባላምባራስ፣ እጄን አላነሣሁበትም” አለ። የሰማው የለም። ቤቱ ሲገባ ሚስቱ ሐሚዳ አገኘችው፤ “በዚህ ሁሉ ዘመን ሚዛኔ ላይ እንኳ ሰው ቃል ተናግሮ አያውቅም፣” አላት። “ውሸታም ከምባል ይህ ዕቃ ካገሬ ይውጣ። ከነገ ወዲያ ጠዋት ከግመሎቹ ጋር ይሻገራል።”

በማግሥቱ ሐሚዳ ሌላ ሰው ዘንድ አልሄደችም። ቀጥ ብላ ካሰች ደጅ መጣች። “እትዬ ካሰች፣ ነይልኝ፤ እስኪበቃሽ ጠይቂው” አለቻት። ለካሰች እንዲህ ያለ ግብዣ በሕይወቷ ደርሷት አያውቅም። ነጠላዋን መስቀለኛ እያጣፋች ወጣች። እኔም ጥላዋን ሆኜ ተከተልሁ፤ ሌላ ሰው ሲጠየቅ ማየትን የመሰለ ደስታ የት አለ?

ዱካኑ ውስጥ ራዲዮው ይዘፍናል። ካሰች አንድ ጊዜ እንኳ አልነካችውም። አንገቷን አዘነበለች።

“መቼ ነው የሚጠፋው?”

“ወሬው ሲደርስ ነዋ፣ እትዬ! ታውቂው የለም?”

“ከዚያ በፊትስ?”

“ከዚያ በፊት ይዘፍናል።”

“ራዲዮውን አይደለም፤ ሰዉን። ሰዉ ምን ያደርጋል?”

“ይገባል፣ ሰላም ይላል፣ ጆንያው ላይ ይቀመጣል። ባላምባራስ ሲመጡ ሁላችን እንነሣለን። እሳቸው ሲቀመጡ እንቀመጣለን። ከዚያ ወሬው ይደርሳል፣ ከዚያ ድርግም።”

“የሚጠፋው እኛ ተነሥተን ነው ተቀምጠን?”

“ተቀምጠን።”

“ሳይጠፋ ያመሸበት ቀን የለም?”

“አንድ ቀን አለ። ወሬውን እስከ መጨረሻ ተናገረ። ያን ቀን እንኳ… ባላምባራስ ለተዝካር ሳንጃ ከተማ ሄደው…”

ካሰች አልተቻኮለችም።

“በክረምቱ የት ነበር የሚቀመጡት?”

“በርጩማ ላይ፣ በሩ ጋ። ሰሊጥ ሲገባማ ከሁሉ የሚሻለውን ቦታ ሰጠናቸው፣ ከራዲዮው ሥር ያለውን ጆንያ። ሌላ ሰው አይቀመጥበትም፣ የእሳቸው ነው።”

ካሰች ሄዳ ከጆንያው ጀርባ አጎነበሰች። ባትሪው እዚያ ነው። የሽቦው መቆንጠጫ የባትሪውን ራስ ይዞታል፤ ይዞታል ማለት ካስደፈረ። ነካ አድርጋ ጣቷን አሸተተች።

“ይህ የሰሊጥ ዘይት ነው። ማን ቀባው?”

“ባላምባራስ ናቸው፣” አለ ኸሊል በቀጭን ድምፅ። “‘ብረት ካልተቀባ ይዝጋል’ ብለው። በዚያችው ጠመንጃቸውን በሚቀቡባት ላባ።”

ነገሩ ሁሉ ፍንትው አለ። ይህን ቆላ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል፣ እኛ አገር ብረት የሚባል ነገር ሁሉ የሰሊጥ ዘይት ይቀባል፤ ጠመንጃም ማጭድም የበር ማጠፊያም። ባትሪውም የድርሻውን ሲቀባ ከረመና መቆንጠጫው እንደ ሳሙና ይንሸራተት ጀመር። ባላምባራስ ከነግርማቸው ሲቀመጡ ጆንያው ወደ ኋላ ያብጣል፣ ሽቦውን ይገፋል፣ መቆንጠጫው ይላቀቃል። ሲነሡ ጆንያው ይመለሳል፣ ሽቦውም መቆንጠጫውን ወደ ቦታው ይመልሰዋል። ራዲዮው ከወሬው ጋር የተጣላ አልነበረም። በወሬው ሰዓት የሚጠፋው ባላምባራስ የሚመጡት ለወሬው ስለሆነ ነው!

ኸሊል ግን ደስ አላለውም፤ ይልቁንም ፈራ። “እትዬ፣ ይህን ለእሳቸው ማን ይነግራቸዋል? ‘ራዲዮውን የሚያጠፋው መቀመጫዎ ነው’ ይባላል? ጠርጌ፣ አጥብቄ፣ ዝም ልበል።”

“ዝም ካልህማ ውሸታም እንደሆንህ ትቀራለህ” አለችው። “‘ሲነቃበት ተወው’ ይሉሃል። አትንካው። ሁሉም በዓይኑ ይይ።” ይህን ብላ ወጣች፣ ወደ አባ ጀይሉ ቤት።

አመሻሽ ላይ ዱካኑ ጢም አለ። ራዲዮው ይዘፍናል። ባላምባራስ ጠመንጃቸውን ተመርኩዘው ገቡ። ተነሣን። ተቀመጡ። ተቀመጥን። ድርግም።

“ይኸው!” አሉ ባላምባራስ። “አላልኋችሁም? ዘጋው!”

“ነገ ይሻገራል፣ ጌታዬ” አለ ኸሊል መሬት መሬት እያየ።

በዚህ መካከል አባ ጀይሉ ገቡ። የነፍስ አባት ሲገባ ማን ይቀመጣል? ባላምባራስ ጉልበታቸውን እያቃሰቱ ተነሡ፣ መስቀል ተሳለሙ። “እንዴት አመሻችሁ? እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤተሰቡ? እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከብቱ?” እየተባለ ገና ሰላምታው ሳያልቅ ራዲዮው አጉረመረመ፣ ጉሮሮውን ጠረገና ተናገረ።

“ተናገረ!” አልን። ባላምባራስ ደስ ብሏቸው ዘፍ ብለው ተቀመጡ። ድርግም።

“አባ፣” አለች ካሰች ከጥግ፣ “እኔ መስቀል አልተሳለምሁም። እስቲ ከበሩ ይመለሱልኝ።”

አባ ወጡ፣ ገቡ። ባላምባራስ ተነሡ። ራዲዮው ተናገረ። ተቀመጡ። ድርግም።

“አባ፣ ልጄንም ይባርኩልኝ፣” አለች፤ ልጇ እንኳ አብሯት አልነበረም።

“አንች ሴትዮ፣ ዛሬ ምን ነክቶሻል?” አሉ ባላምባራስ፤ ግን ለነፍስ አባታቸው ተነሡ። ራዲዮው ተናገረ። እንደ ልማዳቸው ዘፍ ሊሉ ሲሉ ግን መላው ዱካን ራዲዮውን ትቶ እሳቸውን፣ አይ፣ የሚቀመጡበትን ጆንያ ማየቱን ልብ አሉ። ቀስ ብለው ዝቅ አሉ። ዝም አለ። ቀስ ብለው ከፍ አሉ። አጉረመረመና ተናገረ። ከመጋረጃው ጀርባ ሐሚዳ ሳቋ አመለጣት። በአርማጭሆ ጠላት ያንቀጠቀጡ ሰው ናቸው፤ አሁን ምን ይመጣ ይሆን?

ባላምባራስ ጆንያውን አዩ። ኸሊልን አዩ። ከዚያ አንገታቸውን ወደ ጎን ዘንበል አደረጉና ካሰችን፦

“እሺ፣ ከዚያ በፊትስ?” አሏት።

“ከዚያ በፊትማ ጌታዬ፣ ዘይት ቀብተውታል።”

“ለጠመንጃዬ የማደርገውን ነው ያደረግሁለት!”

“እኮ። ጠመንጃ ላይ ግን አይቀመጡም።”

አቤት ሳቅ! ጣሪያው ቆርቆሮ ባይሆን ይበር ነበር። ከሁሉ ይበልጥ የሳቁት ራሳቸው ባላምባራስ ነበሩ፣ እንባቸው እስኪወርድ። ሳቁ ሲበርድ ግን ቆመው እንዳሉ ወደ ኸሊል ዞሩ።

“ኸሊል፣ በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ሌባ ብየሃለሁ። በዚሁ ሰው ፊት አፍሬያለሁ። ይቅር በለኝ።”

“ይቅር ለአላህ፣ ባላምባራስ። ይቀመጡ እንጂ ጉልበትዎን…” ብሎ ኸሊል ዘይቱን በዐመድ ጠረገ፣ መቆንጠጫውን አጠበቀ፣ ባትሪውን ከጆንያው አራቀው። “አሁን ቢዘሉበትም አይጠፋም።”

“አልቀመጥም” አሉ።

“ተሠርቷል እኮ፣ ጌታዬ!”

“ቢሠራም። ልጆቻችን ጎንደር ላይ ቆመው ነው የሚዋጉት። እኔ ስቀመጥ ነው ወሬያቸው ሲጠፋ የከረመው። የጎንደርን ወሬ ከእንግዲህ ቆሜ ነው የምሰማው።” ጠመንጃቸውን ተመርኩዘው፣ ጉልበታቸው እየተንቀጠቀጠ ቀጥ አሉ። እሳቸው ቆመው ማን ይቀመጣል? ዱካኑ ሁሉ ቆመ፤ የታመመውም፣ አራሷም፣ አባ ጀይሉም። ከማዶ የመጡ ግመለኞች በበሩ ሲያልፉ አይተውን እነሱም ቆሙ፤ ያገሩ ሥርዓት መስሏቸው። ከዛሬ ጀምሮማ ሥርዓት ነው!

ራዲዮው ተናገረ፣ ኸሊል ተረጎመ። ጎንደር ዙሪያዋን ተከብባለች፣ የእኛዎቹ ተራሮቹን እየያዙ ነው። ሰዉ በጥያቄ ተንጫጫ፤ “የትኛው ተራራ? በየት በኩል? የአርማጭሆን ሰው ጠራ?” ሁሉም ካሰችን ሆነ። ያኔ ነው እኔ ዘወር ብየ ያየኋት። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አንገቷ ቀጥ ብሏል። አንዲት ጥያቄ አልጠየቀችም።

ያን ጊዜ ገባኝ። ይህች ሴት ከክረምቱ ወዲህ የፍየሏንም የግመሉንም፣ የእኔንም ቁርስ እራት ሳይቀር የምትጠይቀው፣ አንዲት ጥያቄ ከአፏ እንዳታመልጣት ነው። ባሏ ደምለው ከዘመተ ጀምሮ “ደኅና ነው?” ብላ ስሙን ጠርታ ማንንም ጠይቃ አታውቅም። እኔ ደግሞ ስትመጣ በጓሮ በር የምሸሽ ጎረቤቷ! ዛሬ በማለዳ ሳላስበው ደጇ ላይ ተገኘሁ። የለችም፤ አውድማ ወርዳለች። ጠያቂ ያጣ ጠዋት እንዲህ ይረዝማል? ሰው ሳይጠይቀኝ ቁርሴን በልቼ ይህን ለመጻፍ ተቀመጥሁ።

ቆይ… ከኸሊል ዱካን ምንድን ነው የሚጮኸው? እልልታ ነው። ተኩስም አለ፤ የባላምባራስ ጠመንጃ ነው፣ አውቀዋለሁ። ሐሚዳ በደጄ እየሮጠች “ጎንደር ተለቀቀች! ጠላት እጁን ሰጠ!” አለች።

ጎንደር! እሰይ አገሬ!

ብዕሩን ጣልሁ። ካሰች አውድማ ናት፣ አልሰማችም፤ ከእኔ ቀድሞ ማንም አይነግራትም። “ማን አለ?” ትለኛለች። ሐሚዳ እላታለሁ። “ለሐሚዳስ ማን ነገራት?” ትለኛለች። ራዲዮው። “ከዚያ በፊትስ?” ትበለኝ፣ እስኪመሽ ትበለኝ፣ አንዲት ሳልዘል እመልስላታለሁ። ያችን አንዷንም ዛሬ ትጠይቀኝ፤ መልሱን ባላውቅ እንኳ አብሬያት መንገዱ አፍ ላይ ቁጭ ብየ ደምለውን እጠብቃለሁ። ጫማየ የት ገባ? ተውት፣ በባዶ እግሬ እሄዳለሁ። ካሰች! እትዬ ካሰች! ቁሚ፣ እኔ ነኝ!